ከትንሹ መጽሐፍ የወጣችው ልጅ

«ልጅቷን አውጥተናታል» አለች አርታኢዋ በስልክ፣ እኔ እግሯ ሥር ተንበርክኬ የቀሚሷን ጠርዝ በእስፒል እየያዝኩ። «አዎ፣ ገጹ እንዳለ ወጥቷል። የለም፣ የለም፣ እሱም ተስማምቷል፤ እንዲያውም ቀለል ነው ያለው።» አፌ እስፒል ባይሞላ ኖሮ ምን እንደምል እኔም አላውቅም። ስፌት አንድ ጥቅሙ ይኼ ነው፣ ሰው ኋላ የሚጸጸትበትን ነገር ከመናገር ይከለክላል። «እሱ» ያለችው ወንድሜን ነው። «ልጅቷ» ያለቻት ደግሞ የወንድሜ ልጅ ናት፣ እኔ ቤት፣ ከእኔ አልጋ ፊት ለፊት የምትተኛው። ክው ብዬ ቀረሁ። እጄ ግን ሥራውን ለምዶ የለ፣ ዝም ብሎ እስፒሉን ይሰካል።

አርታኢዋ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ይኼን አስቀድሜ ልናገር። ቢሮዋ ከሱቄ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው፤ ቁልፍ ሲወልቅባትም፣ ዚፕ ሲበላሽባትም እኔ ጋ ነው የምትወርደው። የወንድሜን መጽሐፍ እጇ ላይ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ወንድሜ በጉብዝናው ወራት የሮክ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ የጸጉሩን ርዝመት እኔ እመሰክራለሁ፣ ጩኸቱን ደግሞ ጎረቤት ይመስክር። ኋላ ጌታን አገኘ፣ ጸጉሩን ተቆረጠ፣ መጠጡን ተወ፣ የሆነውን ሁሉ ጽፎ መጽሐፍ አደረገው። መጽሐፉ ሲወደድ ጊዜ እነ አርታኢዋ ለታዳጊዎች የሚሆን አጠር ያለ እናውጣ አሉ። እኛ ቤት የፊተኛውን «ትልቁ»፣ ይኼኛውን «ትንሹ» እንለዋለን። ትንሹ የሚመረቀው በዚያው ዕለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ቀሚሱም የሚያጥረው ለዚያው ነው። መጽሐፉንም ቀሚሱንም አሳጠረቻቸው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ከቀሚሱ ተቆርጦ የሚወድቀው ጨርቅ አይሰማውም።

የወጣውን ገጽ በቃሌ እችለዋለሁ። ልወቀው ብዬ አይደለም፣ ማጉያ ጮክ ብላ ስለምታነበው ነው። ማጉያ የልጅቷ ቅጽል ስም ነው፤ ሕፃን ሳለች ስታለቅስ ከመድረኩ ድምፅ ማጉያ ትበልጣለች ብለው የአባቷ የባንድ ጓደኞች ያወጡላት ነው። እናቷ ያኔ የሌሊት ፈረቃ ትሠራ ነበር፤ አሁን ሌላ ከተማ አግብታ፣ ሌሎች ልጆች ወልዳ፣ በልደት ቀን ትደውላለች። እናትየው ሥራ ስትገባ አባትየው ልጅቷን ይዟት ይወጣል፣ የእሱ ሥራ ደግሞ የምሽት ክበብ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በጠርሙስና በሲጋራ ጭስ መሃል፣ የጊታሩን ሳጥን ከፍቶ ቀዩ ከፋይ ላይ ያስተኛታል። የጊታሩ አንገት በሚገባበት በኩል እግሯን ትዘረጋ ነበር ይላል መጽሐፉ። አንድ ሌሊት ሰክሮ ከመድረክ ወረደና፣ ጊታሩ ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ልጅቷን ረስቶ፣ ሳጥኑን ዘጋው። አንስቶ ወደ በሩ ሄደ። «ከበደኝ» ይላል። «ባዶ ሳጥን ለምን ከበደኝ ብዬ ቆምኩ። ከፈትኩት። ተኝታለች፤ አልነቃችም እንኳ።» ገጹ እዚያ ላይ ያበቃል።

ማጉያ ያንን ገጽ ወረቀቱ እስኪሳሳ አንብባዋለች። እውነቱን ለመናገር ያን በሚያህል መጽሐፍ ውስጥ አባትና ልጅ አብረው ያሉበት እሱ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጉዞ፣ አዳራሽና ምስክርነት ነው። እሷን «ለጊዜው» ብሎ እኔ ጋ አስቀመጣት፤ ለጊዜው የተቀመጠችው ልጅ ቁመቷ እኔን አለፈ። ሊጠይቃት ሲመጣ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ትምህርት እንዴት ነው ይላል፣ ደህና ነው ትላለች፣ ይጸልይልንና ይሄዳል። እሱ ቤት ሄዳ ትደር ስለው «አንዲት ክፍል ናት እትዬ፣ አልጋ የለኝም» ይላል። አልጋ የሚሸጥበት አገር የጠፋ ይመስል።

አርታኢዋ ስልኩን ዘግታ «ልጅቷ እንዴት ናት?» አለችኝ፣ ከልቧ። እስፒሎቹን ከአፌ አውጥቼ ጨረስኩና «ደህና ናት። የቱን ገጽ ነው ያወጣችሁት?» አልኳት። «የሳጥኑን ነዋ። አልነገረሽም እንዴ?» ደነገጠች፤ ፊቷ ሲቀላ መስተዋቱ ውስጥ አየሁት። «አስቢው እስቲ፣ አንዲት እናት ለልጇ የእምነት መጽሐፍ ገዝታ ስትገልጠው፣ ሕፃን ልጅ በመጠጥ መሃል ሳጥን ተዘግቶባት። ምን ትላለች? መጠጡን ለብቻው ለማውጣት ሞከርን እኮ። መጠጡ ሲወጣ ክበቡ ወጣ፣ ክበቡ ሲወጣ ሳጥኑ ወጣ፣ ሳጥኑ ሲወጣ…» አልጨረሰችውም። ልክ ነበረች፣ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። አንድ ጥፋተኛ ቢገኝ ኖሮ ቢያንስ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር። ቀሚሷን ጨርሼ ሰጠኋት፣ አመስግናኝ ሄደች፣ እኔ የስፌት መኪናው ፊት እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ።

ዓይኔ ላይ የሚመላለሰው የጠዋቱ ነገር ነው። ሱቅ ልከፍት ስወጣ ማጉያ ሳጥኑን ከአልጋዋ ሥር እየጎተተች ነበር። ያ ሳጥን ከእሷ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ አባቷ አልፈልገውም ብሎ ትቶልን፣ እኛ የብርድ ጊዜ ልብስ እናስቀምጥበታለን። «ዛሬ ገጼን ያነባል» አለችኝ። «ተስፋ ሰጥቶኛል። ሲያነብ ሳጥኑን ከፍቼ አሳያቸዋለሁ። ለክፍሌ ልጆች ነግሬአቸዋለሁ፣ ሁለቱ ይመጣሉ።» በሩ ድረስ ላግዛት ብዬ ባነሳው ክንዴ ተገነጠለ። «ኧረ የብርድ ልብሱን አውጪለት፣ ይኼን ሁሉ ተሸክመሽ አውቶቡስ ልትገቢ ነው?» አልኳት። «አወጣዋለሁ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ጸጉሯን ሁለት ጊዜ ሠርታ ሁለት ጊዜ አፍርሳዋለች። አንጀቴን በላችው።

ሱቁን ዘግቼ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች አዳራሽ ነው፣ አዲስ የተቀባ፣ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት። ወንድሜ መድረኩ ላይ ተንበርክኮ ገመድ ያጣብቃል። ድሮም እንዲህ ነው፣ የሚጨንቀው ነገር ሲኖር ገመድ ያስተካክላል። አንገቱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። «ምን እግር ጣለሽ እትዬ?» አለ ሲያየኝ።

«ሳጥኑን ይዛ ልትመጣ ነው» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልለው።

መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔም አጠገቡ። እኔና ወንድሜ ዝም መባባል እንችልበታለን፤ ከአባታችን የወረስነው ንብረት እሱ ብቻ ነው። ከበስተኋላ አንድ ሰው ማይክራፎን እየሞከረ «ሰላም፣ ሰላም» ይላል፤ የሚመልስለት የለም። ወንድሜ የገመድ ማጣበቂያውን በጣቱ እየላጠ መልሶ ይለጥፋል። እኔ ደሜ ፈልቶ ነው የሄድኩት፣ እውነት፣ መንገድ ላይ የማወርድበትን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አጠገቡ ስቀመጥ ግን የታናሽነቱ ነገር ትዝ አለኝና ተበተነብኝ።

«አንቺ ያን ሌሊት አልነበርሽም» አለ በመጨረሻ። «ቁልፉ ቀጭ ሲል አሁንም ይሰማኛል። ጊታሬን በጨርቅ ቦርሳ የምይዘው ለምን ይመስልሻል? ሳጥን መዝጋት አልችልም። ትልቁ ላይ ስጽፈው ለትልልቅ ሰዎች ነው፣ እነሱ የራሳቸው ጥፋት አላቸው። የክፍሏ ልጆች አንብበው አባትሽ ሳጥን ዘጋብሽ ቢሏትስ?»

«እሷ እኮ አንብባዋለች።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ዓይኗን ማየት የሚያቅተኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። አንድ ገጽ ነው፤ እሱ የሚሰማው መዘጋቱን ነው፣ እሷ የምታየው ቀዩን ከፋይ ነው። ደግሞም እንደ እሱ ጌታን ያገኙ ሰዎች ምስክርነት ሁለት መሳቢያ ብቻ ነው ያለው፣ «በፊት» እና «በኋላ»። በፊት ውስጥ ያለው ሁሉ ቆሻሻ ነው፣ ተጠቅልሎ ይጣላል፤ ጸጉሩም፣ መጠጡም፣ ክበቡም። ልጅቷ የተወለደችው በፊት ውስጥ ነው። ምን ታድርግ፣ ትንሽ ቆይታ እንድትወለድ የነገራት የለም። ይኼንን ልነግረው ፈልጌ ቃሉን እንደዚህ አላሳመርኩትም። «አሁኑኑ ደውለህ ንገራት፣ ጓደኞቿ ፊት አፍራ እንዳትቀር» ብቻ አልኩት። ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ከፕሮግራሙ በኋላ» አለ።

እኔው ደወልኩላት። «አክስቴ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነን፣ ሹፌሩ ሳጥኑን አላሳፍርም ብሎ፣ ሬሳ የያዝን መስሎታል መሰለኝ!» ከኋላዋ ጓደኞቿ ይንፈቀፈቃሉ። እንዲህ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቷል። ያን ሳቅ ማን ያቋርጣል? «ቀስ ብላችሁ ኑ» ብዬ ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ቀን ግን ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ ተሰማኝ።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ታዳጊዎቹ ጫማቸውን እያንቋቁ፣ ስልካቸውን እየደበቁ ተቀመጡ። ማጉያ መተላለፊያው ዳር ተቀምጣ ሳጥኑን አጠገቧ አቆመችው፣ ጓደኞቿ በግራዋ። ሳጥኑን ስታስገባ ወደ አንድ ጎን ተጣማ ነበር፤ ይቺ ሰነፍ የብርድ ልብሱን ሳታወጣ ቀረች አልኩ በልቤ። ለእያንዳንዱ ልጅ መጽሐፉ ታደለ፣ ቀጭን ነው፣ ሽፋኑ ያምራል። እኔ ከኋላ በኩል ቆሜ ማጅራቷን ብቻ ነው የማየው። ወንድሜ ጊታሩን ትንሽ ከነካካ በኋላ ማንበብ ጀመረ። «ሌት ተቀን ተጫወትኩ። ብዙ ጨለማ አሳለፍኩ። አንድ ጠዋት ግን እግሬ ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን መራኝ።» እንግዲህ «ብዙ ጨለማ አሳለፍኩ» በምትለዋ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ናት ማጉያ የገባችው። እሷ መጀመሪያ ላይ ዝም ብላ አዳመጠች። ከዚያ መጽሐፉን ገለጠች። ወደ ኋላ ገለጠች፣ ወደ ፊት ገለጠች፣ ማውጫውን አየች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አንዷ ጓደኛዋ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። ማጉያ ትከሻዋን ነቀነቀች። ያቺን ትከሻ ማየት አቃተኝና መብራቱን፣ ጣሪያውን፣ አርታኢዋ ላይ ቆንጆ ሆኖ የተቀመጠውን ቀሚስ አየሁ።

የጥያቄ ሰዓት ሆነ። አንዱ ጊታር ለመልመድ ስንት ጊዜ ይፈጃል አለ፣ አንዷ ንቅሳት ነበረህ ወይ አለች፣ ተሳቀ። ከዚያ ማጉያ እጇን አወጣች። ማይክራፎኑ እጅ ለእጅ እየዞረ ደረሳት። ወንድሜ አያት፣ ወዲያው ዓይኑን ወደ ገመዱ አወረደ።

«ትልቁን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ» አለች። ያን ስም ያወጡላት ሰዎች ቢሰሟት ኖሮ ይገርማቸው ነበር፣ ድምፅዋ በማይክራፎን እንኳ በጭንቅ ነው የተሰማው። «እዚያ ላይ አንዲት ሕፃን አለች። እዚህኛው ላይ የለችም። ሕፃኗ ምን ሆነች?»

መድረክ መሪው «ጊዜያችን እየሄደ ስለሆነ» ብሎ ሲነሳ ወንድሜ በእጁ መለሰው። ታዳጊዎቹ ከስልካቸው ቀና አሉ። ልጆች ነገር ሲሸታቸው ከእኛ ይፈጥናሉ።

«አድጋለች» አለ ወንድሜ።

«ማን ጋ?»

«እህቴ ጋ። እህቴ ናት ያሳደገቻት።» በምስክርነቱ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዞሮ ያየኝ ግን የለም፣ ማን ያውቀኛል። ወንድሜ ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ያዘው። «ያወጣኋት… አንድ ቀን ዘግቼባት ስለነበር ነው። እንድታነቡት አፍሬ ነው።»

«ከፈትከው እኮ» አለች ማጉያ። «ዘጋኸው፣ ከዚያ ደግሞ ከበደኝ ብለህ ከፈትከው። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ መክፈትህን ነው የማነበው።»

ማይክራፎኑን ለጎረቤቷ ሰጥታ ተቀመጠች። ወንድሜ አጎንብሶ ቆየ። ጊታሩን አንስቶ አንድ መዝሙር ጀመረ፣ መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋው፣ ያለ ግጥም እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ዕድሜ ልኬን ጩኸትህን ቀንስ ስለው የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ባያቆም ብዬ ተመኘሁ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ማጉያ ግድግዳውን ተደግፋ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ጓደኞቿ እናቶቻቸው ጠርተዋቸው ሄደዋል። ወንድሜ ለልጆቹ መጽሐፍ ሲፈርም፣ ከወላጅ ጋር ሲጨባበጥ፣ በየመሃሉ ወደ እሷ ሲያይ ቆየ። አርታኢዋ አጠገቤ መጥታ ክንዴን ያዝ አደረገችኝና ሄደች። ወንበር የሚደራርቡት ሰዎች ወደ እኛ ሲደርሱ ወንድሜ መጣ። «ልሸኛችሁ» አለ፣ ጃኬቱን እንደለበሰ። ማጉያ ተነሳችለት። የሳጥኑን እጀታ ይዞ አነሳው፣ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ቆመ።

«ከበደኝ» አለ።

ራሱ ያለውን ሲሰማው ፊቱ ተለወጠ። እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል፣ «የብርድ ልብስ ነው፣ አውጪው ብያት ሰንፋ…» ስል «አይደለም» አለች ማጉያ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስተኛው። ቁልፉን ነካው፣ እጁን መለሰ፣ እንደገና ነካው። ከፈተው። የብርድ ልብስ የለም። ቀዩ ከፋይ ላይ የሌሊት ልብሷ፣ በፌስታል የተጠቀለለ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥቅጥቅ ያለ የደብተርና የመጽሐፍ ክምር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተተኩሶ የታጠፈ የሰኞ ዩኒፎርሟ። እኔ ሳላያት ነው የተኮሰችው። ለአንድ ሌሊት የሚሄድ ሰው የሰኞ ዩኒፎርም አይዝም።

ወንበር ደራራቢዎቹ ወደ ሌላው ጥግ ሄዱ።

«ማጉያ» አለ ወንድሜ። በዚህ ስም ሲጠራት ከሰማሁ ዘመን የለውም፤ «ልጄ» ነበር የሚላት፣ ለሁሉም ልጅ በሚናገርበት ድምፅ። «አልጋ እኮ የለኝም።»

«እዚህ ውስጥ ተኝቼ አላውቅም እንዴ?» አለችው።

ሳቀ። ሳቁ መሃል መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነበትና ፊቱን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ። ሊዘጋው እጁን ክዳኑ ላይ አደረገ፣ እጁ ግን እምቢ አለው። እሷ ጎንበስ ብላ ዘጋችው። ቀጭ አለ። እጀታውን አነሳችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ቀናሁ። አልዋሽም፣ ደስታዬ ውስጥ ቅናት ነበረበት። ጥርሷ ሲወልቅ የሰበሰብኩት እኔ፣ ትኩሳት ሲይዛት ሌሊቱን የተቀመጥኩት እኔ፣ ትልቁም ትንሹም ላይ የሌለሁት እኔ። ይኼን ማን ይጽፈዋል፣ ለመጻፍስ ምን አለው፣ ሁልጊዜ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ምን ታሪክ አለ። ፌርማታው ላይ ጉንጬን ስማኝ «ደርሼ እመጣለሁ አክስቴ» አለችኝ። ሁለቱ መንገዱን ተሻገሩ፣ የእሱ አውቶቡስ በዚያኛው በኩል ነው። ሳጥኑን በወፍራሙ በኩል እሱ፣ በቀጭኑ በኩል እሷ ይዘውት ነበር፤ ለመሻገር ሲሉ እርምጃቸው አልገጥም ብሎ ይጋጫሉ። የእኔ አውቶቡስ ቀድሞ መጣ።

ቤት ገብቼ መብራት ሳበራ የብርድ ልብሱን አየሁት። ካፖርቱ፣ ሹራቡ፣ ወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ተጣጥፎ አልጋዋ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሯል፣ ማታ የሚተኛበት ሰው እንደሌለ ሆኖ። እኔ አስተምሬአት ነው እንዲህ ጥንቅቅ አድርጋ የምታጥፈው። ላነሳው እጄን ሰደድኩና ተውኩት። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ራሷ ታንሳው አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ያለ ይመስል። ወደዚህ ከተመለሰች።